የቀጄላ አፍንጫና የእኔ ምስክርነት

ስለ ቀጄላ ማውራት ስጀምር ሰው ሁሉ «ያ ዓይነ ስውሩ?» ይለኛል። ደሜ ይፈላል። ሰበታ ውስጥ ዓይነ ስውር ሞልቷል፤ ትምህርት ቤታቸው እዚሁ ነው፤ ዘንጋቸውን ይዘው ሲመጡ መንገድ መልቀቅን የከተማው ልጅ ዳዴ ከሚልበት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል። ቀጄላ ግን አንድ ነው። እኔ ሬሐና እባላለሁ። ከሚኒባስ መናኸሪያው ጀርባ ጫትና ሸቀጣ ሸቀጥ እሸጣለሁ። ቀጄላ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫት ሲለይ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል። ከእኔ በላይ አውቀዋለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አገሩ መናገሻ ነው፣ ከጫካው ሥር። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደበት። አባቱ ፈረስ ላይ አፈናጥጠው ሰበታ አመጡትና ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ አባቱ ሞቱ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። አንድ ቀን ሳሙና ሊገዛ ሱቄ መጣ። እኔ ከወልቂጤ የመጣልኝን ጫት ኮባውን ፈትቼ ካመጣው ሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ። ቀጄላ እጁን ሰደድ አድርጎ ቅጠሉን ዳሰሰ፣ አሸተተ፣ ከዚያ በኦሮምኛው ወግ አክብሮኝ «አዴ፣ የላይኛው ትናንት ማታ የተቆረጠ ነው። የታችኛው ግን ሦስት ቀን አልፎታል፤ ውኃ ረጭተው ነው ያመጡልሽ» አለኝ። ሰውየው ክው አለ። እኔ ሳሙናውን በነፃ ሰጠሁትና «ነገ ና» አልኩት።

መጣ፤ መጥቶም ቀረ። ጠዋት ጭነቱ ሲደርስ ኮባውን ይፈታል፤ ለጋውን ለብቻ፣ ጠንካራውን ለብቻ፣ ገራባውን ለበግ አርቢዎች ለብቻ ያደርጋል። ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያየው ነበር። አንዳንዱ ይፈታተነዋል፤ ከወንዶ የመጣውን ከወልቂጤው ጋር ደባልቆ ይሰጠዋል፤ እሱ ፈገግ ብሎ ይለያየዋል። እኔ ከጎኑ ቆሜ እንደ ወለደችው እናት እኮራ ነበር። አፌ አያርፍም፤ ለመጣው ለሄደው ስለ አፍንጫው ሳወራ እውላለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ በኋላ ይመጣል።

ጫት እየለየ እሱ ግን አይቅምም። ለምን ብለው «ስቅም እንቅልፌ ይሸሻል፤ እንቅልፌ ከሸሸ ሕልሜን ከየት አመጣለሁ?» ይላል። ሕልሙን ይወደዋል። ከወጨጫ ተራራ ጉም ወርዶ የመንገዱ ማዶ በማይታይበት፣ ገበያም በሌለበት ጠዋት ሕልሙን ይነግረኛል። መልክ የለበትም። ድምፅ ነው፣ ሽታ ነው፣ እርጥበት ነው። «ዛሬ ወንዝ ሆኜ አደርኩ። ሴቶች ልብስ ሲያጥቡብኝ የእጃቸው ቅዝቃዜ ይሰማኝ ነበር» ይለኛል። ሌላ ቀን «አባቴ ፈረስ ላይ አፈናጥጠውኝ ነበር፤ ፈረሱ ግን እግር አልነበረውም፣ ዝም ብለን እንሄዳለን» ይላል። እኔ ሁለት ዓይን ያለኝ ሴትዮ ሌሊቱን ሙሉ ከቀበሌ ሰዎች ጋር ስጣላ ነው የማድረው። እቀናበት ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። እሱ ሲያወራ ጉሙ ሱቅ ድረስ ይገባና ያለነው ሰበታ ይሁን ሌላ አገር ይጠፋብኛል።

ሌላም ሥራ ነበረው። እህቱ ቡራዩ ስለምትኖር በየሐሙሱ ሊጠይቃት ይሄዳል፤ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ አደራውን ለእሱ ይሰጣል። መድኃኒት፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የታሸገ ደብዳቤ አድርሷል። ሰው የሚያምነው አያይብኝም ብሎ አይደለም። ቀጄላ አደራ መፍታቱ ቀርቶ ምንነቱን እንኳ አይጠይቅም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል። እኛ ጋ ወጉ እንደዚያ ነው፤ አደራ የሰጠህን ሰው «ውስጡ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አላመንኩህም ብሎ መስደብ ነው። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት።

ዘርሁን የሚባል ደንበኛ ነበረኝ፤ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሳቂታ፣ እጁ የማይሳሳ ሰው። በየሁለት ሳምንቱ ጥሩውን ጫት ከእኔ ይገዛና ቤቱ ወስዶ በኮባ ይጠቀልለዋል፤ ከዚያ «ቡራዩ ኬላ ጋ ወዳጄ ይቀበልሃል» ብሎ ለቀጄላ ይሰጠዋል። ቡራዩ ጫት ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ሞኝ ነሽ በሉኝ፣ ነኝ። ሰው ጫቴን ሲያመሰግን ልቤ ያብጣል።

ሁለት ሺህ ስምንት ታኅሣሥ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊወሰድ ነው ተብሎ አገሩ ይናወጣል። ወንድሙ መናገሻ ላይ የሚያርሳት ቁራሽ መሬት ስላለች ቀጄላም ሐሳብ ገብቶት ነበር። ሱቅ እንከፍታለን፤ ጩኸት ስንሰማ እንዘጋለን፤ ጸጥ ሲል ደግሞ እንከፍታለን። የጎማው ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ቀትሩም ንጋት ይመስል ነበር። የሰው ድምፅ ትሰማለህ እንጂ ፊቱን አታየውም፤ «ሬሐና» ብሎኝ ያልፋል፣ ማን እንደሆነ ሳላውቀው «አቤት» እላለሁ። ያንን ወር ሳስታውሰው የኖርኩት ሳይሆን ያለምኩት ይመስለኛል።

አንድ ሐሙስ ቀጄላ የዘርሁንን እሽግ ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ወጣ። ዓለም ገና ሲደርሱ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ ወደ ሰበታ ተመለሰ። ከተማው መግቢያ ላይ ፖሊሶች ተሳፋሪውን አስወርደው ይፈትሻሉ። የሚፈልጉት የተቃውሞ ወረቀት ነበር። የቀጄላን ኮባ ሲፈቱ ከላይ የእኔን ጫት አገኙ፣ ከሥሩ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ ሁለት ኪሎ ካናቢስ። ዘርሁን የዚያኑ ዕለት ስልኩን ዘጋ። ሱቁም እንደተዘጋ ነው።

ለቀጄላ መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ሰናይት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሥራ የበዛባት ልጅ። ምስክር አድርጋ ስትጠራኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ወይዘሮ ሬሐና፣ ሕጉ አስቸጋሪ ነው። ዕፁ የራሱ የሆነውና የሰው ዕቃ የያዘው አንድ አንቀጽ ላይ ነው የሚወድቁት። የሚያድነው ምን እንደያዘ አለማወቁ ብቻ ነው። እርስዎ ታማኝ መሆኑንና አደራ እንደማይፈታ ይናገሩ። ሌላ አይጨምሩ።»

አልጨመርኩም ብላችሁ ታስባላችሁ? ቁርአን ይዤ ማልኩና ጀመርኩ። እኛ ጋ የሰው ስም ሲነሳ ማድነቅ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ብትቀርብ፣ ለቅሶ ቤት ብትቀመጥ፣ የወዳጅህን ሙያ ከፍ አድርገህ ትናገራለህ፤ የሚከበረውም የሚማረውም በዚያ ነው። ፍርድ ቤትም እንደዚያ መሰለኝ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይሄ ተራ ሰው አይደለም» አልኩ። ጫቱ ከየት አገር እንደመጣ በሽታ ይለያል አልኩ። በስንት ሰዓት እንደተቆረጠ ያውቃል አልኩ። አንድ ጊዜ ጭነት መሀል የባሕር ዛፍ ቅጠል ገብታ ኮባውን ሳይፈታ ነው ያወቃት አልኩ። ሰናይት ዓይኗን ስትጨፍን አየኋት። ደስ ብሏት መሰለኝና ጨመርኩላት።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ምስክር፣ ሳይፈታ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚያውቅ ሰው፣ ሁለት ኪሎ ካናቢስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲሄድ አላወቀም ነው የሚሉን?» አለኝ።

ከአፍ የወጣ ቃል፣ ከእጅ የወደቀ እንቁላል። ዳኛው ቀጄላን «የምትለው አለ?» ሲሉት ፊቱን እኔ ወዳለሁበት አዞረና ዝም አለ። አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት።

ቤቴ ገብቼ ሱቁን ሦስት ቀን ዘጋሁት። ጋደም ባልኩ ቁጥር ራሴን ችሎት ውስጥ አገኘዋለሁ። ልናገር አፌን ስከፍት ቃል አይወጣም፣ ቅጠል ነው የሚወጣው፤ ሰዎች እያጎነበሱ ይለቅሙና ሚዛን ላይ ያደርጉታል። እነሱ በለቀሙ ቁጥር እኔ እጨምራለሁ፤ አፌን ልዝጋ ብል አይዘጋም። አፍሬ ነበር፤ ልጆቼን እንኳ ቀና ብዬ አላይም ነበር።

እሑድ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። በሽቦው በኩል «ይቅር በለኝ» አልኩት። ሳቀ።

«ምን አጠፋሽ? እውነት ነው የተናገርሽው» አለኝ። «ሸትቶኛል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። እሱ ግን እንደ ሕልሙ ቀስ እያለ ነገረኝ። «ከዚያ በፊት ሸትቶኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ሚኒባሱ ሰው በሰው ነበር፤ ስንጋፋ ላስቲኩ ሳይቀደድ አልቀረም። ዓለም ገና ሳንደርስ ሸተተኝ። ሰፈራችን ጎረምሶች ሲያጨሱት አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ በመስኮት አትወረውረውም?»

«አደራ ነዋ፣ አዴ ሬሐና። የሰው ዕቃ ይወረወራል? መንገዱ ሲዘጋ ደስ አለኝ። ሹፌሩን ዘርሁን ሱቅ ጋ አውርደኝ አልኩት። ዕቃህን ያዝ፣ ሁለተኛ እንዳትልከኝ ልለው ነበር። ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ነው የያዙን።»

«ይሄን ለዳኛው አትልም ነበር?»

«ሰናይት የሚያድንህ አለማወቅህ ብቻ ነው ብላኛለች። አንቺ ደግሞ ያውቃል ብለሽ በቁርአን ማልሽ። አላውቅም ብል ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል ማለት ነው፤ አንቺን ውሸታም አላደርግሽም። አውቃለሁ፣ ልመልሰው ነበር ብል ደግሞ ማን ያምነኛል?» አለኝ።

እዚያው ሽቦውን ይዤ አለቀስኩ። አሥራ አራት ዓመት ደጃፌ ላይ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው።

ግንቦት ላይ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ሕዝባዊ ውይይት ተጠራ፤ ስለ ዕፅ ሕጉ፣ ቅጣቱ ፍትሐዊ ነው አይደለም ተብሎ። «ስንቱ ሞቶ ስንቱ ታስሮ ከርሞ አሁን ስለ ዕፅ ያወያዩናል» ብሎ ያጉረመረመ ብዙ ነበር። ግን ሰው መናገር ናፍቆት ከርሞ ነበርና አዳራሹ ሞላ። ዐቃቤ ሕጉ ከፊት ተቀምጧል። ሰናይት ከጎኔ ነበረች፤ አላወቀም የሚል ይግባኝ እያዘጋጀች ነበር። እኔ ቀጄላ የነገረኝን አልነገርኳትም። ብናገር ይግባኙ ይበላሻል፤ ዝም ብል ደግሞ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ኡበይድ፣ ሕግ የሚማረው፣ መጀመሪያ ተናገረ። «ሕጉ ለላኪውና ለተላኪው አንድ በር ነው ያለው። ላኪው ይጠፋል፣ የሚታሰረው ተላኪው ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «አንዱን ቅጠል ብትሸጥ ግብር ትከፍላለህ፣ ሌላውን ብትሸጥ ወህኒ ትወርዳለህ። ማን ነው የለየው?» አሉ እኔን እያዩ። «ጫቴን ተዉልኝ አባባ፣ እሱ አልተከሰሰም» ብዬ መለስኩላቸው፤ ሰው ሳቀ። ሌላው ቅጣቱ ይቀነስ ይላል፣ ሌላው ይጨመር ይላል። የሁሉም ድምፅ ጣሪያው ሥር እየተቀላቀለ አንድ ጉርምርምታ ሆነብኝና በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ነበር።

አንዲት ሴት ስትነሣ ግን ነቃሁ። መብሩካ ትባላለች። «የመጣሁት ከቡራዩ፣ ከኬላ ነው» አለች። «ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይሄን ነገር አጨሰ፤ አሁን ብቻውን ያወራል። እኔን እናቱን አንቺ ማነሽ ይለኛል። እናንተ ለተሸካሚው ታዝናላችሁ። ያለ ተሸካሚ ልጄ እጅ ይገባ ነበር? አምስት ዓመት ያንሳል።»

እኔ ሳላስበው ቆሜ ነበር። ሰናይት ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«እህቴ፣ እውነትሽን ነው» አልኩ። «ለላከው አምስት ዓመት ያንሰዋል። እኔ ግን አንድ የማውቀው ሰው አለ። አደራ ተሰጠው፤ መንገድ ላይ ሸተተው፤ ሊመልስ ሲመጣ ተያዘ። ሊያደርስ የሚሄድና ሊመልስ የሚመጣ በሕጉ በስንት ዓመት ይለያያሉ? ይሄ የት ነው የተጻፈው?»

መድረኩ ላይ ያሉት ሰውዬ ወረቀታቸውን አገላበጡና «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ተመዝግቧል» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ዞሮ ትክ ብሎ አየኝ። መብሩካ ግን መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ውጭ ስንወጣ ሰናይት ልትበላኝ ደረሰች። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትንሽ ቆማ አሰበችና «ሹፌሩ ዘርሁን ሱቅ ጋ አውርደኝ መባሉን ይመሰክራል?» አለችኝ። ጠየቅነው፤ እሺ አለ። ይግባኙን ከሥሩ አፍርሳ ጻፈችው። የቀረው የቀጄላ አሻራ ብቻ ነበር፣ ጊዜው ሊያልፍም ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። አንብቤለት ስጨርስ «አዳራሹ ውስጥ ማን ምን አለ?» አለኝ። ይሄ አፌ ስለዚያች እናትም ነገረው። ፊቱ ተለወጠ።

«ዘርሁን ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ ልኮኛል» አለኝ። «አሥራ አንዱንም ኬላ አድርሻለሁ። አሁን እያደር ሕልም አያለሁ፤ እጄን ሰው ይይዘኝና አመሰግናለሁ ይለኛል፣ እጁ የልጅ እጅ ነው። ያቺ ሴት ከየት ነው የመጣችው? ከቡራዩ ከሆነች ይሄን ወረቀት ወስደሽ ቅደጂው። አምስት ዓመቴን እጨርሳለሁ።»

ሁለት ዓይን እያለኝ ያን ጊዜ ምንም አልታየኝም። የታየኝ ቀጄላ እዚያ ውስጥ ሲያረጅ ብቻ ነው።

«ከጫንጮ ናት» አልኩት።

«ጫንጮ?»

«ወላሂ።»

አላህ ይቅር ይበለኝ። ትንፋሹን ለቀቀ። «ወደ ጫንጮ ማንም ልኮኝ አያውቅም» አለና አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ።

ይግባኙ ሲታይ ቅጣቱ ወደ ሁለት ዓመት ወረደ። አመክሮው ታስቦለት በሁለት ሺህ ዘጠኝ ሚያዝያ ወጣ። አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ስለነበር ሰው ተሰብስቦ አልተቀበለውም፤ አንድ በአንድ እየመጣ እጁን ጨብጦ ሄደ። ደጃፌ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አደራ ግን ከማንም አልተቀበለም፤ ሰው ሲለምነው «በል አንተው አድርሰው» ይላል።

በዚያው ክረምት አንድ ጠዋት ጉም ከተማውን ውጦት እያለ አንዲት ሴት ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመች። ቀና ስል መብሩካ ናት። ለልጇ ሰበታ ያለ ሐኪም ነግረዋት መጥታ ነው። «አዳራሹ ውስጥ የተናገርሽው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ውስጥ ልጎትታት ስል ቀጄላ ከመቀመጫው «አካም ጅርቱ፣ ከየት መጡ?» አላት።

«ከቡራዩ» አለችው። «ከኬላ።»

ጫቱን የሚለይበት እጁ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላትና «ይቀመጡ። ልጅዎ እንዴት ነው?» አላት። ተቀመጠች። እስከ ቀትር አወራችው፤ እሱ ጭንቅላቱን ደፍቶ ሰማት።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ባዶ እጁን ቡራዩ ይሄዳል። ከልጁ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይውላል ይሉኛል፤ ልጁ ያወራል፣ እሱ ያዳምጣል። ማታ ተመልሶ «አዴ፣ ደኅና ዋልሽ?» ይለኛል። ስለ ጫንጮ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።